ስምንት ሰው፣ ስምንት ቀን፣ የዝናብ ወር፦ የአንድ ቤተሰብ የክረምት ጉዞ እንዴት ተመረጠ

ተጓዦቹ ስምንት ናቸው። እናትና አባት ቨርጂኒያ ይኖራሉ፤ ሁለቱም የአሜሪካ ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) አላቸው። የ16 ዓመት ሴት ልጃቸው ካሜራ ከእጇ አይለይም፤ የ9 ዓመት ወንድ ልጃቸው ስለ አዞ ካወሩት እራቱን ይረሳል። የእናትየው እናት አዲስ አበባ ናቸው፤ ቤተሰቡ «እማማ» ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ። 74 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ጾም አያጎድሉም። የአባትየው ታናሽ ወንድም ሻርጃ ይሠራል፤ ሚስቱንና የሁለት ዓመት ልጁን ይዞ የሚመጣው በአጭር ፈቃድ ነው።

የሁሉም ቀን የሚገጥመው በ2017 ዓ.ም. ከሐምሌ 27 እስከ ነሐሴ 4 ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የሻርጃዎቹ ገና አልገቡም፤ ከዚያ በኋላ የአሜሪካዎቹ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። በአዲስ አበባ ዣንጥላ ከእጅ የማይወርድበት ጊዜ ነው። ቀኖቹን ካላንደር ላይ ሳሰፍራቸው ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ፤ ነሐሴ 1 ሐሙስ ፍልሰታ ይገባል። የጉዞው ግማሽ ፍስክ፣ ግማሹ ጾም ሊሆን ነው።

ጉዞውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ይኸው ነው። ጉዳዩን የምጽፈው ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር አውጥቼ ነው።

በስብሰባ ላይ የማይነገረው

መጀመሪያ በዋትስአፕ ሁሉም ያሉበት ጥሪ ተደረገ። አባትየው «ልጆቹ ታሪካቸውን ይወቁ፤ ላሊበላና ጎንደር» አለ። ወንድሙ «ለምን ዛንዚባር አንሄድም? ሁላችንም ባሕር እናያለን» አለ። እናትየው «የተስማማችሁበት ይሁን» አለች። የሻርጃዋ ሚስት ድምፅዋን አጥፍታ ልጅ ታባብላለች። እማማ ደግሞ የተጠበቀውን ተናገሩ፦ «ለእኔ አታስቡ። እኔ ቤቴ ተቀምጬ እጸልይላችኋለሁ።»

እንዲህ ያለ ጥሪ ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ይሉኝታ ያለበት ቤት ውስጥ «የት መሄድ ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም በአንድ ላይ ሲቀርብ የሚመልሰው ከፋዩ ነው፤ ሌላው አንገቱን ነቅንቆ ይከተላል። ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ መንገድ መሃል፣ አንዱ ያኮርፋል። ስለዚህ ሰዎቹን አንድ በአንድ ደወልኩላቸው፤ ጥያቄውንም ገለበጥኩት። ምን እንደሚወዱ ትቼ ምን ቢሆን ጉዞው እንደሚበላሽባቸው ጠየቅኋቸው።

ያኔ የተሰማው ከስብሰባው ጋር አይገናኝም። ዛንዚባርን ያነሣው ወንድም ባሕር እንደማያጓጓው ነገረኝ። ሻርጃ በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ እሱ የናፈቀው ጋቢ ለብሶ መተኛት ነበር። «ታዲያ ለምን ዛንዚባር አልህ?» ስለው፣ ከአሜሪካ የመጣ ወንድሙ ፊት ገንዘብ የሰሰተ መምሰል እንዳልፈለገ ሳይሸሽግ ነገረኝ። ሚስቱ የፈራችው ረጅም የመኪና መንገድ ነው፤ ልጁ ቀን መተኛት አለበት፣ ትኩሳት ቢነሣበትም ሐኪም ቤት ሩቅ እንዳይሆን።

እናትየው በእረፍቷ ወጥ ሠሪና አስተናጋጅ ሆና መክረም አልፈለገችም። አዲስ አበባ እስካለች ድረስ እንግዳ አይጠፋም፣ ቡና አይቋረጥም። ልጅቷ የፈራችው ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት እየዞረች፣ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ «አድገሻል!» እየተባለች መመለስን ነው። እሷ የምትፈልገው ቀይ ቀበሮ ፎቶ ማንሣት ነበር። የወንድሟ መልስ አንድ ቃል ነው፤ አዞ።

አባትየው ልጅቷ በሁለት ዓመት ውስጥ ኮሌጅ እንደምትገባ አስታወሰኝ። አገሩን አብረው የሚያዩበት የመጨረሻው ዕድል ይህ መስሎት ነበር፤ የላሊበላው አጀንዳ ሥሩ እዚህ ነው። እማማ ብዙ ካግባባኋቸው በኋላ ሦስት ነገር ነገሩኝ፦ ጾማቸው እንዳይፈርስ፣ ቀኑ መኪና ላይ እንዳያልቅ፣ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳሉት ስለትም አለ። «ስለቱን ግን ለልጆቹ አትንገር ልጄ፣ ይጨነቃሉ።» ለሴት ልጃቸው ብቻ ልንገር ብዬ አስፈቀድኳቸው።

አንድ በአንድ የወደቁት

ዛንዚባር በአየር ጠባይ ረገድ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። በሐምሌና በነሐሴ የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ደረቅና ነፋሻ ነው፤ እኛ ጋ ዶፍ ሲወርድ እዚያ ሰማዩ ጥርት ይላል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ይደረሳል። ወጪው ግን ከቲኬት በፊት ይጀምራል። ለታንዛኒያ ቪዛ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው 100 ዶላር ይከፍላል፤ ለአራቱ 400 ማለት ነው። ደሴቲቱ ለጎብኚ ካስገደደችው መድን ደግሞ በነፍስ ወከፍ 44 ዶላር ይጨመራል፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል። ይህ ሁሉ መፍትሔ አለው። መፍትሔ ያልነበረው የእማማ ፓስፖርት ነው፤ የላቸውም፣ ማውጣትም አልፈለጉም። «በስተርጅና ለባሕር ብዬ ወረፋ አልሰለፍም» አሉኝ። እሳቸው የሌሉበት ጉዞ ደግሞ የእናትየውን ዓላማ ያጠፋዋል። ዛንዚባር በዚሁ ቀረ፤ ያነሣውም ሰው እፎይ አለ።

ሰሜኑ ከባድ ውይይት ነበረው። ላሊበላ ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቧቸዋል። ለአንዲት የ16 ዓመት ልጅ አገሯን ለማሳየት ከዚህ የሚበልጥ ቦታ ልጥቀስ ብል እቸገራለሁ። ይሁንና በአማራ ክልል ግጭቱ ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት ዜጎቹን ወደ ክልሉ እንዳይጓዙ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ችላ የሚል ተጓዥ የመድን ውሉን በደንብ ያንብብ፤ ብዙ የጉዞ መድን እንዲህ ባለ ቦታ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያናቱን የሚያገናኙት ቦዮችና ደረጃዎች በዝናብ ያዳልጣሉ፤ የእማማን ጉልበት አሰብኩ። አባትየው ይህን ሲሰማ ዝም አለ። አላግባባሁትም። ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው፣ ቅር ቢለውም ልክ ነው።

ሐረር ለብቻዋ ትልቅ ጉዞ ትሆናለች። የጁገል ግንብ፣ 82ቱ መስጊዶች፣ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚመግቡት ሰዎች፤ ልጆቹን ታስደስታለች። ለስምንቱ አልመረጥኳትም፣ ግን ወደዚያ አቅጣጫ ያለው መንገድ ለአንድ ነገር ጠቀመን። እማማና እናትየው ሁለቱ ብቻ ሐምሌ 18 ወደ ድሬዳዋ በረሩ፣ በማግስቱ የገብርኤል ዕለት ቁልቢ ደርሰው ስለቱ ገባ። የቁልቢ ዋናው ንግሥ ታኅሣሥ 19 ነው፤ የሐምሌው ሕዝብ ያንሳል፣ ለታመመ ጉልበት ይሻላል። እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር፦ የአንድ ሰው ብቻ የሆነን ጉዳይ የሁሉም ጉዞ ውስጥ አልሸጉጥም። የእማማን ስለት ስምንት ሰው ቢሸኘው ልጆቹ ይሰለቻሉ፣ እማማም ይሳቀቃሉ። በሁለት ሰው ግን ለእናትና ለልጅ የራሳቸው ጊዜ ሆነላቸው።

አርባ ምንጭ ብዙ አቆየችን። ክረምት በአገሪቱ ሁሉ እኩል አይዘንብም። ዝናብ አምጪው የአየር መቀነት በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ስለሚወጣ ዋናውን ውሃ የሚያገኙት የመሃልና የሰሜን ደጋዎች ናቸው። ደቡቡ ዝናቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ዙር በመስከረም ይጀምራል። በመካከሉ የሚቀረው ክፍተት ልክ የዲያስፖራው እረፍት ላይ ይወድቃል። ይህን የሚያውቅ ጎብኚ ጥቂት ነው፤ «በክረምት አገር ቤት አይታይም» የሚባለው አዲስ አበባ ላይ ተቁሞ ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጥቶ «የአዞ ገበያ» የሚሉትን ማየት፣ ነጭ ሳር ፓርክ፣ ዶርዜ፤ ልጁ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ለእኔ ቢተው አርባ ምንጭን እመርጥ ነበር።

ግን ለእኔ አልተተወም። ስምንት ሰው በአውሮፕላን ደርሶ መልስ፣ ያውም ግማሹ በውጭ ዜጋ ዋጋ፣ በጀቱን ዋጠው። በመኪና እንሂድ ቢባል ሙሉ ቀን ነው፤ እማማም የሻርጃዋ ሚስትም ያሉት ዋናው ነገር መንገድ ነበር። ጀልባው ላይ የሁለት ዓመት ልጅ ይዛ እንደማትወጣ እናቱ በግልጽ ተናገረች። ከተማዋ 1,285 ሜትር ላይ ስለሆነች ወባም ሙቀትም አለ። የቀይ ቀበሮዋ ልጅ ደግሞ ከዚያ ምንም አታገኝም።

ቀይ ቀበሮ ካልን ባሌ ነው። በዓለም የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ተራሮች ላይ ይኖራል። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኗል። የሰነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ግፊት ያለባቸውን አረጋዊትና «ጆሮዬን አመመኝ» ብሎ መናገር የማይችል ሕፃንን እዚያ ማውጣት አይታሰብም። በነሐሴ ዝናብም ጉምም አለ። ለስምንት ሰው አይሆንም፤ ለሁለትና ለሦስት ሰው ግን ይሆናል። የመፍትሔው ጫፍ የተያዘው እዚህ ላይ ነው።

ማንም አንደኛ ያላላት ከተማ

ሐዋሳን አንደኛ ምርጫዬ ያለ ሰው አልነበረም። የመጨረሻ ያደረጋትም አልነበረም። የሁሉንም መልስ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የማንንም ጉዞ የማታበላሸው እሷ ብቻ ሆነች። እንደ እኔ ልምድ፣ ለተለያየ ሰው የሚሆን ቦታ የሚገኘው እንዲህ ነው፤ አንዱ የሚሞትለትንና ሌላው የሚሸሸውን ትቶ፣ ሁሉም ተኝቶ ሊያድርበት የሚችለውን መያዝ፣ ከዚያ ጓጉቶ የነበረውን ከዚያው እየተነሣ እንዲሄድ መልቀቅ።

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ወጥቶ ሞጆ ላይ ታጥፎ እስከ ባቱ ድረስ የክፍያ መንገድ ስለሆነ ወገብ አይጎዳም። ከተማዋ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ ለግፊትም ለትንፋሽም አዲስ አበባን ታስንቃለች። የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል አለ። የሐይቁ ዳር መንገድ ሜዳ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ በየመንገዱ መቀመጫ አለ። ዝናቡም በብዙ ወራት ላይ ስለሚከፋፈል እንደ አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ አይከመርም፤ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ወይም ሌሊት ይመጣል፣ ጠዋቱን ይተውልሃል። ለእማማ ደግሞ የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል አለ። ይህን ስነግራቸው የሰጡኝ መልስ «እንግዲህ እሱ ራሱ ጠራኝ» የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ «ለእኔ አታስቡ» የሚለው ቀረ።

መዋኘት ግን ሐዋሳ ላይ የለም። ሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለበት ልጆቹ እግራቸውን እንኳ እንዳይነክሩ ተነገራቸው። ለመዋኛ ላንጋኖ ተመረጠ፤ ውሃው የሻይ በወተት መልክ ስላለው መጀመሪያ ያየ ልጅ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ግን ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ሁሉ ሰው ሳይሰጋ የሚዋኝበት እሱ ነው። መንገድ ላይ ስለሆነ ጉዞውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የሕፃኑም የቀን እንቅልፍ አይረበሽም።

ወባና ጾም

ወባ ላይ ጠንከር አልኩ፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነኝ። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው «እኛ እኮ ለምደነዋል» ይላል። ለብዙ ዓመት ውጭ የኖረ ሰው ግን የነበረውን መከላከያ ያጣል፤ እዚያ የተወለደ ልጅ ደግሞ መጀመሪያውኑ አልነበረውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ከ2,500 ሜትር በታች የሚያድር የውጭ ተጓዥ መከላከያ መድኃኒት እንዲወስድ ይመከራል፤ ሐዋሳም ላንጋኖም ከዚያ በታች ናቸው። አራቱ ቨርጂኒያ ሳሉ፣ የሻርጃዎቹ ደግሞ ሻርጃ ሳሉ ሐኪማቸውን አነጋገሩ። ለእማማ ካሉባቸው መድኃኒቶች ጋር እንዳይጋጭ የራሳቸው ሐኪም ጋ ተሄደ። አጎበር ከቤት ተያዘ። መዋጥ ያስቸገረው የ9 ዓመቱን ልጅ ነው፤ አዞ አዳኞችም ይውጡታል ተባለና ዋጠ።

ጾሙ የቀኑን ቅደም ተከተል ገለበጠው። ሐዋሳ ሲባል ሁሉም ሰው አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ይላል። እማማ በፍልሰታ ዓሣ አይበሉም፤ ስለዚህ ዓሣው ከነሐሴ 1 በፊት መሆን ነበረበት። ነሐሴ 1 ሐሙስ ነው፣ ዋዜማው ረቡዕ ደግሞ ያው ጾም። እሑድና ሰኞ ላንጋኖ ካደሩ የሚቀረው ማክሰኞ ሐምሌ 29 ብቻ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ሐዋሳ መድረስ ግዴታ ሆነ፤ ሹፌሩም ከሁሉ በፊት የተነገረው ይህን ነው። ከሐሙስ ጀምሮ እማማ ከሰዓት ቅዳሴ ላይ ይሆናሉ፣ ሆቴሉም የጾም ምግብ በዘይት እንጂ በቅቤ እንዳይነካ አስቀድሞ ተነገረው። በስልክ «አዎ አለን» የሚሉትን አላምንም፤ ወጥ ቤቱን ራሱን አነጋገርኩ።

ገንዘቡ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለቱ ወንድማማቾች ማን ይከፍላል የሚለውን ምግብ ቤት በር ላይ እንዳይጓተቱ አስቀድሜ ጠየቅኋቸው። ሃይሩፉ (ሁሉንም የያዘው ሚኒባስ) እና ነዳጁ እኩል ለሁለት፣ ክፍል እያንዳንዱ የራሱን፣ የእማማ ክፍል የሴት ልጃቸው፣ ባሌ የሚሄዱት የባሌውን። ባሌ ለመውጣት የተከራየነው ላንድክሩዘር ለሁለት ቀን የጠየቀው ሃይሩፉ ለሳምንቱ ከጠየቀው ግማሽ ያህሉን ነው፤ መለያየት ዋጋ አለው። አንዳንድ ሆቴል ለቢጫ ካርድ ያዥ የነዋሪ ዋጋ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ፓስፖርት አይቶ በዶላር ያስከፍላል፤ ሳይጠይቁ የሚገቡ ሰዎች ልዩነቱን የሚያውቁት ሒሳብ ሲመጣ ነው።

የሆነው

እሑድ ላንጋኖ ሲደርሱ ዝናብ ነበር፤ ማታ መብራት ጠፋ። ልጅቷ ተበሳጨች። ወንድ ልጁ ግን በሻማ ካርታ ሲጫወት አመሸ። ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ሲከፈት አብያታ ሻላ ፓርክ ገቡ፤ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ከመኪና ሳይወርዱ ታዩ፣ ፍል ውሃውን እማማ ከመስኮት ሆነው ባረኩት። የአብያታ ሐይቅ ዳር ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየሸሸ ነው፤ ፓርኩን በፊት የሚያውቅ ሰው ያዝናል። ከሰዓት መዋኘት ሆነ። የሻርጃው ወንድም የተመኘው ጋቢ ማታውኑ ተገኘ።

ማክሰኞ ሻሸመኔን አልፈው በሰዓቱ ሐዋሳ ገቡ። አሞራ ገደል ላይ ዓሣው ከጀልባ ይወርዳል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የልጅ ቁመት ያህል ሆነው ከአጥማጆቹ መሃል ቆመው የዓሣ አንጀት ይለምናሉ። ልጅቷ እዚህ ካሜራዋን አላወረደችም። እኔ በዕቅዱ ላይ ለእሷ ብዬ የያዝኩት ቀይ ቀበሮውን ብቻ ነበር፤ ከጉዞው ሁሉ ጥሩው ፎቶዋ ግን አንድ አባ ኮዳ የአጥማጅ ባልዲ ውስጥ አንገቱን ሲከት ያነሣችው ነው ትላለች አሁን። እማማ የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ በሉ፤ እናትየው ለማንም ሳታቀርብ ተቀምጣ በላች።

ሐሙስ ንጋት ላይ ተለያዩ። አባትና ልጅ ወደ ባሌ፤ ሳይታሰብ ወንድሙም ተከተለ፣ ብርዱ ጠርቶት። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት አቅራቢያ አዩ። ጎባ አድረው ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ሰነቴ ወጡ። ጉሙ የፊት መብራቱን ይውጥ ነበር፤ መመለስ ሁሉ ተነሥቶ ነበር አሉ። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲገፈፍ አንድ ቀበሮ ፍልፈል ሲያደባ ከሩቅ አገኙ። አንድ ብቻ። አባትየው ሲነግረኝ ስለ ቀበሮው ያወራው ጥቂት ነው፤ ብዙ ያወራው መኪና ውስጥ ጉሙን ሲጠብቁ ልጅቷ ስላነሣችው ወሬ ነው፣ ምን ማጥናት እንደምትፈልግና ለምን እንዳልነገረችው። ላሊበላን ይተካል ብዬ አልከራከርም።

ሐዋሳ የቀሩት ደግሞ የተለየ ሁለት ቀን አሳለፉ። እማማ ቅዳሴ፣ ልጁ ሐይቅ ዳር። ጦጣ ሙዙን ከእጁ ነጥቆት ሮጠ፤ ጉሬዛ አየ፤ በጀልባ ወጥቶ ጉማሬ በርቀት አየ። አዞ የለም።

ቅሬታ የመጣው ከሻርጃዋ ሚስት ነው፤ መብቷም ነው። ባሏ ድንገት ባሌ ሲሄድ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ቀረች። የእሱ መሄድ በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም፤ እሷም በይሉኝታ «ሂድ» አለችው። ሐሙስ ማታ ስደውልላት ድምፅዋ ነገረኝ። ቅዳሜ ባሏ ሕፃኑን ይዞ እንዲውል፣ እሷ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ተኝታ፣ ከእናትየው ጋር ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና እንድትጠጣ ተስማሙ። ከዚህ ወዲህ ቡድን የሚከፈልበት ጉዞ ሳሰናዳ ሕፃኑ በየቀኑ ከማን ጋር እንደሚውል ወረቀቱ ላይ በስም እጽፋለሁ።

እሑድ ነሐሴ 4 ከምሳ በፊት ተነሥተው ሳይመሽ አዲስ አበባ ገቡ። የታመመ ሰው አልነበረም።

የከሰረው የ9 ዓመቱ ልጅ ነው። የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፣ እሱኑ አላገኘም። አባቱ ለሚቀጥለው ጊዜ ገናን በላሊበላ ማለት ጀምሯል፤ የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዚያ ሳምንት ግን እሱ ሥራ ገብቷል፣ የአካባቢው ሁኔታም ገና አልለየለትም። ስለዚህ አርባ ምንጭ እየመራ ነው። በታኅሣሥ ደረቅ ነው፣ አዞዎቹም ፀሐይ ሊሞቁ ዳር ይወጣሉ። ልጁ ከቨርጂኒያ በድምፅ መልእክት የጀልባውን ርዝመት ጠይቆኛል። የሻርጃዋ አክስቱ የላከችው ጥያቄ ይከብዳል፦ ጀልባ ላይ የማይወጣ ሰው እዚያ ቀኑን ምን ሲያደርግ ይውላል? ዶርዜ ወጥቶ ሸማኔዎቹንና ከፍ ከፍ ያሉትን የቀርከሃ ቤቶች ማየት አለ፣ ቆጮ በዳጣ መቅመስ አለ። ወደዚያ የሚያወጣው መንገድ ግን ጠመዝማዛ ነው፣ ሕፃኑ ደግሞ መኪና ላይ ያስመልሰዋል። ጠዋት እሷ ከአርባዎቹ ምንጮች ጫካ፣ ባሏ ከሕፃኑ ጋር ሆቴል፤ ከሰዓት ተቀያይረው እሱ ጫሞ። ይህን ጽፌ ልኬላታለሁ፤ ለሁለቱም፣ ለየብቻ።